«አሳባቂው ልብ»ን በወሎ ቅኝት ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት መለወጥ

የአሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ አጭር ልቦለድ (እ.ኤ.አ. 1843) ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ ትንሽ የቴአትር ቡድን ይመቻል፦ አንድ ቤት፣ ገዳይ፣ ሽማግሌ፣ ሦስት ፖሊሶች። ገዳዩ የሽማግሌውን ዓይን ስለጠላ ይገድላቸዋል፣ ወለል ሥርም ይደብቃቸዋል፤ ፖሊሶቹ ፊት ግን የሟቹ ልብ ሲመታ የሚሰማ ይመስለውና ይናዘዛል። ደራሲው በ1849 ስለሞተ የቅጂ መብቱ አያሳስብም። የሌላ ሰው የአማርኛ ትርጉም ግን ባለቤት አለው፤ ራሳችሁ ተርጉሙት።

ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚናገረው ገዳዩ ነው። እንዳለ ካመጣችሁት ተመልካቹ አንድ ሰው ሲለፈልፍ ያመሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሽማግሌው ድምፅ ስጡት። ገዳዩ ሰባት ሌሊት፣ 6 ሰዓት ላይ የሽማግሌውን በር ይከፍታል፤ በነጋ ቁጥር ደግሞ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃል። ይኸው «እንዴት አደሩ፣ አባባ» አዝማች ይሁን፤ ሽማግሌው በትዝታ ቅኝት ይመልሱ። ሦስት ሌሊት ማሳየት ይበቃል።

የገዳዩን ቅዠት ለአንቺሆዬ ቅኝት ተዉት፤ የተጠጋጉት ድምፆቹ ጆሮ ይቆረቁራሉ። የባቲ ቅኝት ሌሊት 10 ሰዓት ለሚመጡት ፖሊሶች መቀበያ ይሁን፤ ገዳዩ እንግዳ ተቀባይ ሲመስል ግጥሙ ሰምና ወርቅ ቢሆን ያምራል፦

ግቡ፣ አረፍ በሉ፣ ወንበር ተሰናድቷል፤
አባባማ የሉም፣ ቆላ አገር ወርደዋል።

ክራር በትዕይንት መሀል ቅኝት ሲቀየርለት ጊዜ ይበላል። ሁለት ክራር አስቀድማችሁ ቃኙ።

ብዙ ቡድን የሚወድቀው የልብ ምቱ ላይ ነው። ከበሮው የጭፈራ ምት ከያዘ የወሎ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ፍርሃቱ እዚያው ያልቃል። ሁለት ምት፣ ከዚያ ዝም፤ በከበሮው ሰፊ ፊት፣ በመዳፍ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። በደቂቃ ከ60 ምት ጀምሮ በአራት ደቂቃ ውስጥ 120 ይድረስ፤ መቺው የስልክ ሜትሮኖም (የምት ፍጥነት ጠባቂ) በጆሮው ያድርግ። ፖሊሶቹ ምቱን ስለማይሰሙ ጨዋታቸውን በራሳቸው ፍጥነት ይቀጥሉ። ተዋንያኑ ሳያውቁት ከከበሮው ጋር ይፈጥናሉ፤ ያለ ከበሮ ለብቻቸው አለማምዷቸው።

የሽማግሌውን ዓይን በሜካፕ ለመሥራት አትድከሙ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይታይም። ፋኖስ በቆርቆሮ ሸፍናችሁ በቀጭን ስንጥቅ ብርሃን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ውስጡ የባትሪ አምፖል ይሁን፤ ላምባና መጋረጃ አይስማሙም።

ክረምት ላይ ከሆነ የከበሮው ቆዳ በእርጥበት ይላላል። ከመጋረጃ መክፈቻው በፊት ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ከቀረበ ይሰነጠቃል።