ወፎች ከመስታወት ጋር እንዳይጋጩ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ወፍ መስታወትን አታየውም። የምታየው በላዩ የተንጸባረቀውን ዛፍና ሰማይ ነው፤ አለዚያም ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠውን አትክልት። ወደዚያ በሙሉ ፍጥነቷ ትበራለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከህንፃ ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ ገምቷል። መከላከያው ውስብስብ አይደለም፤ ነገር ግን በግማሽ የተሠራ ሥራ ምንም ካለመሥራት ብዙም አይሻልም።

የጭልፊት ስቲከር መለጠፍ

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። በሰፊ መስታወት መሃል አንድ ወይም ሁለት የጭልፊት ምስል ይለጠፍና ሥራው አለቀ ይባላል። የማይንቀሳቀስ ጭልፊት ማንንም አያስፈራም። ወፏ ስቲከሩን እንደ እንቅፋት ቆጥራ በጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ለማለፍ ትሞክራለች፤ የምትጋጨውም እዚያው ነው።

ወሳኙ የምስሉ ዓይነት ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ትናንሽ ወፎች ጠባብ በሆነ ቅርንጫፍ መሃል ሾልከው ማለፍ የለመዱ ናቸውና፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ ጎንም ወደ ላይም ከ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ነጥብ ከሆነ ስፋቱ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር፣ መስመር ከሆነ ውፍረቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። 1 ሜትር በ2 ሜትር ለሆነ መስታወት ይህ ወደ 800 ነጥብ ማለት ነው። አንድ በአንድ መለጠፍ ስለማይታሰብ ነጥቦቹ በጥቅል ተደርድረው የሚመጡበትን ፊልም መጠቀም ይሻላል፦ መስታወቱ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል፣ ፊልሙ ይለጠፋል፣ በጎማ ይዳመጣል፣ ከዚያ ተሸካሚው ላስቲክ ሲላጥ ነጥቦቹ ብቻ ይቀራሉ። ዳር ዳሩንም አትርሱ። ከፍሬሙ አጠገብ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ከተተወ ወፏ በዚያ ትሞክራለች።

በጀት ለሌለው ቤት ከመስኮቱ ውጭ ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ገመድ፣ ወይም ከውጭ የተወጠረ የትንኝ ወንፊት ጥሩ ይሠራል። ገመዱ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀትም ውጤት አሳይቷል።

በውስጥ በኩል መለጠፍ

ለመለጠፍ ስለሚቀል ብዙዎች ከውስጥ ይሠሩታል። ነገር ግን ነጸብራቁ ያለው በውጭው ገጽ ላይ ስለሆነ የውስጡን ምልክት ይሸፍነዋል። የቢሮዎቻችን ሳንድብላስት (መስታወቱን የሚያደበዝዝ) ስቲከር፣ ከሰማያዊ ወይም ከአረንጓዴ አንጸባራቂ መስታወት ጀርባ ሲለጠፍ፣ ከውጭ ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል። መጋረጃም እንደዚያው ነው። ለማረጋገጥ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ ከህንፃው ጥቂት ሜትሮች ርቃችሁ ቁሙ። ከነጥቡ ይልቅ ዛፉ ጎልቶ ከታያችሁ ለወፏም እንደዚያው ነው።

ለሰው ዓይን የማይታይ፣ አልትራቫዮሌት ብቻ የሚያንጸባርቅ ምልክትም አለ። ሁሉም ወፎች ይህን ብርሃን እኩል አያዩም፤ ርግብና ጭልፊት ደካማ ናቸው። ደመና ባለበትና ገና ሲነጋ ብርሃኑ ራሱ ትንሽ ነው። የሚታይ ነጥብ የሕንፃውን ውበት ያበላሻል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

ሰማይ ጠቀሱን ብቻ መክሰስ

ከላይ በተጠቀሰው የ2014 ግምት መሠረት በአሜሪካ ከሚሞቱት ወፎች ከ12 ፎቅ ጀምሮ ያሉ ህንፃዎች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። እያንዳንዱ ረጅም ህንፃ ብዙ ወፍ ሊገድል ይችላል፤ ግን ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ወፎች የሚመገቡትና የሚያርፉት ዛፍ ባለበት ከፍታ ስለሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለታችኞቹ ፎቆች ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. ለወፎች የማያሰጋ መስታወት የሚያዝ ሕግ ሲደነግግ አዳዲስ ህንፃዎች ላይ ከመሬት እስከ 23 ሜትር ያለውን ክፍል ያስቀደመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት መስታወቶች የሚገናኙበት ማዕዘን፣ የሰገነት መስታወት አጥርና ሁለት ህንፃ የሚያያይዝ የመስታወት መተላለፊያ የባሰ አደገኛ ናቸው፤ ወዲያ ማዶ ስለሚታይ ክፍት መንገድ ይመስላሉ።

መብራት ማጥፋት ብቻ፣ ወይም መስታወት ብቻ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2023 ጠዋት በቺካጎ የማኮርሚክ ፕሌስ የስብሰባ ማዕከል አንድ ህንፃ ስር ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞተው ተገኙ። በሌሊት የሚፈልሱ ወፎችን ብርሃን ይስባቸዋል፤ ሲነጋ ደግሞ መስታወቱ ይጠብቃቸዋል። በዚሁ ህንፃ ላይ የተሰበሰበ የብዙ ዓመታት መረጃ፣ ብርሃን የሚታይበትን የመስኮት ስፋት በግማሽ መቀነስ ግጭቱን እንደ ፍልሰቱ ወቅት ከ6 እስከ 11 እጥፍ እንደሚቀንስ አመልክቷል። በ2024 መስታወቱ በነጥብ ፊልም ሲሸፈን ሞቱ 95 በመቶ ገደማ ወረደ። ቀን ላይ የሚከሰተውን ግጭት መብራት ማጥፋት አይነካውም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ አዕዋፍ በስምጥ ሸለቆ በኩል በመስከረምና በጥቅምት ያልፋሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። በእነዚህ ወራት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት የጌጥ መብራት ማጥፋት ምንም ወጪ የለውም።

«እዚህ የሞተ ወፍ አይተን አናውቅም»

ድመት ሲነጋ ይወስደዋል፣ ጽዳት ሠራተኛ ጠርጎ ይጥለዋል። ጥበቃዎቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ በፍልሰት ወራት ቀኑን፣ የህንፃውን አቅጣጫና የትኛው መስታወት እንደሆነ አስመዝግቡ። ያኔ ፊልሙ ከየት እንደሚጀመር ይታወቃል።

የውሃ ሳህንና የእህል መመገቢያ ደግሞ ከመስኮት ወይ ከ1 ሜትር ባነሰ፣ ወይ ከ10 ሜትር በበለጠ ርቀት ይቀመጥ። መሃሉ ነው ገዳይ፤ ወፏ ደንግጣ ስትነሳ ፍጥነት ለመያዝ የሚበቃ ቦታ ታገኛለች።

የተጋጨችን ወፍ ውሃ ማጠጣት

አፏን ከፍቶ ውሃ ማንጠብጠብ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ምግብም አትስጧት። አየር የሚያስገባ ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጧት፤ ጨለማና ጸጥታ ነው የሚያስፈልጋት። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ካርቶኑን ከመስታወት ርቃችሁ፣ ደጅ ላይ ክፈቱት። ቤት ውስጥ ከተከፈተ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ትበራለች።