የድሮ የጃፓን የጦር ሜዳሊያ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ከሪባኑ ሰሌዳና ከጽሑፉ መለየት

ሜዳሊያው እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ሪባኑ ነው፤ ለዕድሜ ማስረጃነት ግን የመጨረሻው ደካማ እሱ ነው። ሐር ይበላል፣ ይቀየራል፤ ከጀርባው የተሰፋው መንጠቆም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከብረቱ ይጀምሩ።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ማግኔትና የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃል። ሜዳሊያውን ግን አይወልውሉት፤ ፊደሉን የሚያሳየው ጥቁረት ከለቀቀ አይመለስም፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ሪባኑ ላይ የተገባችው ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አራት ፊደላት አሏት፤ ከቀኝ ወደ ግራ «ጁጉን ኪሾ»፣ የዘመቻ ሜዳሊያ፣ ተብሎ ይነበባል። ጽሑፉ ከጦርነት ጦርነት ስለማይለወጥ ሰሌዳዋ ብቻዋን ዓመት አትነግርም። ቅጂን ግን ታጋልጣለች። በስተቀኝ ጫፍ ያለውን ፊደል በመነጽር ይዩ። በድሮው አጻጻፍ የፊደሉ ቀኝ ግማሽ አናት ላይ ድንኳን የመሰሉ ሁለት ምልክቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በአዲሱ ሁለት አጫጭር ዘንበል ያሉ ጭረቶች ብቻ ናቸው። አዲሱ ቅርጽ በመንግሥት የጸደቀው በ1949 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ1904 ዘመቻ ሜዳሊያ ላይ ካገኙት፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ አይግዙት። ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ከሄደም እንዲሁ።

ዓመቱ ያለው ከሜዳሊያው ጀርባ ነው። መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ይለዩ። ታይሾ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል እጁን ዘርግቶ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው ሜጂና ሾዋ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሁለቱም የመጀመሪያ ፊደል በግራ በኩል መሐሉ የተሰመረ ሳጥን አለው። ዓይንዎን ወደ ሁለተኛው ፊደል ያሳልፉ፦ በግራው ሦስት የውሃ ጠብታ ካለ ሜጂ፣ በቀኙ ባዶ ሳጥን ካለ ሾዋ። ከዚያ ቁጥሩን ያንብቡና ለሜጂ 1867፣ ለታይሾ 1911፣ ለሾዋ 1925 ይደምሩ። ሜጂ 37 ማለት 1904 ነው። ውጤቱ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ለመመለስ እንደ ወሩ 8 ወይም 7 ይቀንሱ፤ የካቲት ላይ የጀመረው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት በእኛ 1896 ነው።

ይህ ዓመት የጦርነቱ እንጂ ሜዳሊያው የተሠራበት አይደለም። «ሜጂ 37-38» የሚለው የተደነገገው በ1906 ነው። ከተማረኩ የቻይና መድፎች ነሐስ የተሠራው የ1894-95 ሜዳሊያም የወጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነበር። በ1937 በተጀመረው የቻይና ጦርነት ሜዳሊያ ላይ ደግሞ ጭራሽ ዓመት የለም፤ ድንጋጌው የ1939 ነው።

ማግኔቱን ክቡ ሜዳሊያ ላይ ያስጠጉ፤ መንጠቆው ላይ አይሞክሩት፣ እሱ ብረት ሊሆን ይችላል። ነሐስ አይሳብም። ጠርዙ ዙሪያ ስፌት የመሰለ መስመር፣ ፊደሉ ሥር ጥቃቅን ቀዳዳ ካለ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ነው፤ እውነተኛው በማኅተም ተመትቶ ስለሚወጣ ፊደሉ ስለታም ነው።

አሁን ሪባኑን በጨለማ በአልትራቫዮሌት ያብሩበት። ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው፣ ወይም በዘመናዊ ሳሙና ታጥቧል። ለመለየት ከጫፉ የተፈታ 1 ሴንቲ ሜትር ክር በወረንጦ ይዘው ያቃጥሉ፦ ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል።

ሐር መሆኑ ግን የራሱ ሪባን ነው ማለት አይደለም። የ1894-95ና የ1904-05 ሪባኖች ሁለቱም አረንጓዴና ነጭ ናቸው፤ በኋለኛው መሐል ላይ ለባሕር ኃይሉ ድል ሰማያዊ መስመር ተጨምሯል። ጀርባው «ሜጂ 37-38» እያለ ሰማያዊው ከሌለ ሪባኑ ከሌላ ሜዳሊያ የመጣ ነው፣ ሰሌዳዋም አብራው ልትመጣ ትችላለች፤ የሰሌዳዋንና የሜዳሊያውን ነሐስ ቀለም ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ።