ከኮምፔርሳቶና ከዋንዛ ቁራጭ ሳምቡክ እንዴት ይሰራል

የምኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የመርከብ ሞዴል የምሰራው ደግሞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ባህር የለን፣ ወደብ የለን፣ መርከብ ምን ያደርግልሃል?» እስካሁን ደህና መልስ አላገኘሁለትም። ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ባለ ሶስት ምሰሶውን የአውሮፓ መርከብ ለጊዜው ተዉት። ገመዱ ብቻ ወራት ይፈጃል። እኔ የምመክራችሁ ሳምቡክ ነው፤ በምፅዋ፣ በጅቡቲና በየመን መካከል ሲመላለስ የኖረው የቀይ ባህር ጀልባ። አንድ ወይም ሁለት ምሰሶ አለው። ፊቱ ሹል፣ ኋላው እንደ ሳጥን የተቆረጠ ነው። ገመዱ ጥቂት ነው። ጌጥ ስለማይበዛበት ግን ቅርፁ ከተበላሸ የምትሸፍኑበት ነገር የለም።

መጀመሪያ ልኩን እንወስን። 20 ሜትር የሚረዝም ሳምቡክ ለ50 ሲካፈል 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ ልክ ይቀመጣል። በዚህ ሂሳብ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3.4 ሳንቲሜትር ነው። በዚያ ቁመት አንድ ሰው ከካርቶን ቁረጡና አጠገባችሁ አስቀምጡት። መሪውን፣ የጠርዙን ከፍታ፣ የወለሉን መግቢያ ስትሰሩ እዚያው አቁሙት። ጠርዙ ከራሱ በላይ ከሆነ ምስኪኑ ባህሩን አያይም ማለት ነው።

ለአፅሙ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ በቂ ነው። ለጎኑ ሽፋን ግን ዋንዛ ፈልጉ። ቀለሙ ያምራል፣ ለመጋዝም ለብርጭቆ ወረቀትም አያስቸግርም። ከሰፈራችሁ እንጨት ቤት የወዳደቀ ቁራጭ ለምኑና በማሽን 1.5 ሚሊ ውፍረት፣ 6 ሚሊ ስፋት አድርገው እንዲሰነጥቁላችሁ ጠይቁ። ባለማሽኑ ይስቅባችኋል። ይሳቅ። 40 ያህል ቀጫጭን ዘንግ ያስፈልጋል፤ ስለሚሰበር 50 አስሰንጥቁ። ርዝመታቸው ግማሽ ሜትር ይሁን። ሌላው ቀላል ነው፤ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ምላጩ ቀጭን የሆነ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)፣ የብርጭቆ ወረቀትና ብዙ የልብስ መቆንጠጫ። መቆንጠጫው የእናታችሁ ከሆነ አስፈቅዱ።

አፅሙ እንደ ዓሳ ነው። አንድ አከርካሪ አለ፤ በላዩ ላይ 9 ጎድኖች በ4 ሳንቲሜትር ርቀት ይሰካሉ። ጎድኖቹን ስትስሉ ወረቀቱን ለሁለት አጥፉና ግማሹን ብቻ ሳሉ። ታጥፎ ሲቆረጥ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። በዓይን ግምት አትተማመኑ። አከርካሪውን እስከ ግማሹ፣ ጎድኑንም እስከ ግማሹ ሰንጥቁና አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡት። ኮላው ሳይደርቅ እያንዳንዱን ጎድን በስኳድራ አስተካክሉ።

ሲደርቅ አንድ ዘንግ ከፊት እስከ ኋላ በጎድኖቹ ላይ አጋድሙ። አንዳንዱ ጎድን ላይ ጠርዙን ብቻ ይነካል፣ ሌላው ላይ ጭራሽ አይደርስም። የሚነካውን በሞረድ አዘንብላችሁ ሞርዱ። የማይደርስበት ላይ ቀጭን ቁራጭ ለጥፉ። ዘንጉ ሁሉም ጎድን ላይ ደልደል ብሎ እስኪተኛ ድረስ ይህን መደጋገም ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ቅርፁ የሚወለደው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ሽፋኑ። ዘንጉን የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር አልፎ ስለሄደ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ፤ እኔ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ከዚያ የጋለ ካውያ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ ጎንበስ አድርጉት። ሲታጠፍ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ እሱ እንፋሎቱ ነው። «ጠቅ» ካለ ግን ተሰብሯል፣ ሌላ አምጡ።

ከላይ ከወለሉ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። አንድ ዘንግ በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ እንደገና አንድ በግራ። ይህን ሕግ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋን መርከቤን አንድ ጎን ጨርሼ፣ ኮርቼ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አከርካሪው እንደ ሙዝ ተጣሟል። እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በሌላው በኩል የሚጎትተው ስላልነበረ ወደ ራሱ ሳበው። ያቺ መርከብ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለች። በማዕበል የተመታች ነች እላለሁ ለሚጠይቀኝ።

ሌላው ነገር፣ ዘንጉን በጉልበት አታስገድዱት። ወደ ጎን ጎትታችሁ ካጠፋችሁት ጠርዙ ይነሳል፣ ማታ ኮላውን አላቆ ያድራል። ዘንጉ በራሱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ እዩ። ፊት ለፊት ላይ ቦታው ስለሚጠብ አንዱ በሌላው ላይ መደረብ ይጀምራል። ያኔ ጫፉን እስከ ግማሽ ስፋቱ ድረስ አቅጥኑት። ኋላ ላይ ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል። ሹል ቁራጭ ቆርጣችሁ እዚያ ሰኩ። የቀሩትን ስንጥቆች ከዚያው ከዋንዛው ሰጋቱራ ወስዳችሁ በኮላ ለውሱና ድፈኑ።

በነገራችን ላይ የጥንቶቹ የዚህ ባህር መርከቦች ሚስማር አልነበራቸውም። አፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመን በዘመቱበት ጊዜ በቀይ ባህር የሚሄዱ መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ ነበር። እኔ አንዴ በመርፌና በክር ልሞክረው ብዬ በአራተኛው ሳንቃ እጄን ሰጥቻለሁ።

ኮላው በደንብ ሲደርቅ፣ በክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ መሞረድ ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ 120፣ ከዚያ 220። ወረቀቱን በጣት አትያዙት፣ ጣት ጉድጓድ ያበጃል። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ዓይን ያለፈውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል።

አሁን ቀለም። የቀይ ባህር ባለጀልባዎች ከውሃ በታች የሚውለውን ክፍል ኖራ ከስብ ጋር ለውሰው ይቀቡት ነበር፣ እንጨት የሚበላው የባህር ትል እንዳይገባ። ላይኛውን ደግሞ በዓሳ ዘይት ያጠጡታል። ስለዚህ ሳምቡካችሁ ከታች ነጭ፣ ከላይ ቡናማ ይሁን። ሰማያዊና ቀይ ጠርዝ ኋላው ላይ ብትጨምሩ ያምራል፣ አታብዙት ብቻ።

የውሃው መስመር ቀጥ ማለት አለበት። እሱን በእጅ ለመሳል አትሞክሩ። መርከቧን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። እርሳስ ከእንጨት ብሎክ ጋር በላስቲክ እሰሩና ጫፉ ጎኗን እየነካ ብሎኩን ዙሪያዋን አንሸራትቱት። እርሳሱ ከፍ ዝቅ ስለማይል መስመሩ ልክ ይመጣል። ከመስመሩ በላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ጠርዙን በጥፍር ተጫኑት፣ ከዚያ ነጩን አክሬሊክ ቀለም ሶስት ጊዜ ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ። አንዴ አወፍሮ መቀባት የጀማሪ ስህተት ነው፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ስር ሰርጎ ይገባል።

ነጩ ሲደርቅ ላይኛውን በተልባ ዘይት እሹት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ እንደ አክሬሊክ ያለ የውሃ ቀለም አይይዝም። በጨርቅ በስሱ ቀቡና ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጉ። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ለሸራው ያረጀ አንሶላ ይሻላል። አዲስ አቡጀዲ ይወፍራል። ጥቁር ሻይ አፍሉና ንከሩት፤ ፀሐይ የመታው ይመስላል። የሳምቡክ ሸራ ሶስት ማዕዘን ይመስላል እንጂ የፊቱ ጫፍ ቁርጥ ያለ ነው፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል አጭር ጎን አለው። ስፌቱን በእርሳስ አስምሩ፤ በዚህ ልክ እውነተኛ ስፌት ገመድ ያክላል። የሸራውን ዘንግ ከሁለት የቀርከሃ ስንጥር ሥሩ፣ ደርባችሁ በክር ጠፍሩት። ትልቁም እንዲሁ ነው የሚሰራው። ክሩን ከአራዳ ጊዮርጊስ በር በገዛችሁት ጧፍ ላይ ሁለት ሶስት ጊዜ ሳቡት። ሰሙ ፀጉሩን ያስተኛዋል፣ ቋጠሮም አይፈታም።

ምሰሶው ላይ እርዳታ ያገኘሁት ከታች ፎቅ ከሚኖሩ የቀድሞ ባህር ኃይል ነው። ወጣትነታቸውን ምፅዋ ነው ያሳለፉት። እንደተጣመመች የጨረስኳትን የመጀመሪያዋን ሳሳያቸው ምሰሶዋን ወደ ኋላ አዘንብዬ ነበር፣ ፎቶ ላይ እንዳየሁት የፈረንጅ መርከብ። «አንተ ልጅ፣ ሳምቡክ ወደ ፊት ነው የሚያዘነብለው» አሉኝ። ነቅዬ አስተካከልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛዋን ጨርሼ ጠራኋቸው። መነፅራቸውን አድርገው ዞሯት። ነጩን ወደዱት፣ ካርቶኑን ሰውዬ አይተው ሳቁ። ከዚያ ምሰሶውን የያዙትን ገመዶች በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሸራህ ወደ ግራ ወጥቷል። ነፋሱ ከቀኝ ነው ማለት ነው። ገመዱን ለምን በግራ አሰርከው? የሚይዘው ከነፋሱ በኩል ነው እኮ።»

ልክ ናቸው። ሳምቡክ ላይ ገመዱ ነፋሱን ተከትሎ ይዛወራል። ጥዋ ሙሉ ሻይ ቀዳሁላቸውና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ሰሙ ጥሩ ይዟል፣ አልፈታ አለኝ።