ተከታታይ ድራማ ይዞ ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲኬድ

የተለያዩ አገሮችን የቴሌቪዥን ድራማ ባለሙያዎች የሚያገናኙ ጉባኤዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚበጅዎትን ለመለየት ግን ድራማዎ የደረሰበትን ደረጃ መነሻ ማድረግ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ በጥቅምት ወር በፈረንሳይ ካን የሚካሄደው ሚፕኮም በዋነኛነት የስርጭት መብት የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ ሲሆን፣ በዚያው አገር በሊል ከተማ በመጋቢት የሚዘጋጀው የሴሪስ ማኒያ ፎረም ደግሞ ገና በዝግጅት ላይ ያሉ ሥራዎች ገንዘብና የጋራ ፕሮዳክሽን አጋር የሚፈልጉበት መድረክ ነው። ስክሪፕቱ ያላለቀ ሥራ ይዞ ወደ ሽያጭ ገበያ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። መርሐ ግብሩንም በየዓመቱ ማጣራት ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረውና በካን ይካሄድ የነበረው ሚፕ ቲቪ ከ2024 በኋላ ቀርቶ በምትኩ በለንደን ሌላ ገበያ ስለተከፈተ፣ የቆየ መረጃ ተከትሎ ጉዞ ማቀድ ያሳስታል።

የጣቢያዎችና የስርጭት ድርጅቶች ድራማ መራጮች ቀጠሯቸው አስቀድሞ ስለሚሞላ፣ ተሳታፊዎችን የሚያሳየው የስም ዝርዝር እንደወጣ መጻፍ ይጀምሩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ከመላክ ይልቅ ተቀባዩ በቅርቡ ምን ዓይነት ድራማ እንደገዛ አጥንተው ለጥቂቶች ብቻ ቢጽፉ ይሻላል። መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ፦ «ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፤ በወደብ ጉምሩክ የምትሠራ እናት በኮንትሮባንድ መዝገብ ላይ የልጇን ስም ታገኛለች። የሁለት ክፍል ስክሪፕት ተጠናቋል፤ ከበጀቱ 30 በመቶው ተረጋግጧል፤ የጋራ ፕሮዳክሽን አጋር እንፈልጋለን።» በእነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ታሪኩ፣ ደረጃው፣ ገንዘቡና ጥያቄው ተለይተው ስለተቀመጡ አንባቢው መልስ ለመስጠት አይቸገርም።

ቀጠሮው ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመተረክ አይሞክሩ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ምን እንደምትፈልግና ምን እንደሚያግዳት ተናግረው ለጥያቄ ጊዜ ይተዉ። ብዙ ጎበዝ ጸሐፊዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራቸውን እጅግ ስለሚወዱት ሲናገሩ ውለው ሳያዳምጡ ይወጣሉ። ድራማ መራጩ «ለእኛ ተመልካች ይከብዳል» ካለ ከመከራከር ይልቅ የትኛው ክፍል እንደከበደ ይጠይቁ፤ ያ መልስ ለቀጣዩ ቀጠሮ ትልቅ ስንቅ ነው።

ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ ቅድመ ሽያጭንና የጋራ ፕሮዳክሽንን አይቀላቅሉ። በቅድመ ሽያጭ ገዢው ለአንድ አገር ወይም አካባቢ የማሳየት መብት ሥራው ሳይጠናቀቅ ይገዛል፤ በጋራ ፕሮዳክሽን ግን አጋሩ ገንዘብና ባለሙያ አቅርቦ በባለቤትነት፣ አብዛኛውን ጊዜም በታሪኩ ውሳኔ ላይ ድርሻ ይኖረዋል። የቅጂ መብት የሚጠብቀው በጽሑፍ የሰፈረውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ብቻውን ስላልሆነ፣ ከጸሐፊው ጋር የተፈረመ ውልና ቀኑ የተመዘገበ ስክሪፕት ሳይኖርዎት አይጓዙ። የዓለም አቀፍ መብትን ጠቅልሎ የሚወስድ ውል በጉባኤው አዳራሽ ቢቀርብልዎ፣ የሕግ ባለሙያ ሳያየው አይፈርሙ።

ከእያንዳንዱ ቀጠሮ እንደወጡ የተባለውንና ቃል የገቡትን ወዲያው ይመዝግቡ፤ ከዚያም በተመለሱበት ሳምንት ለእያንዳንዱ ሰው የጠየቀውን ሰነድ ብቻ፣ የተነጋገራችሁበትን ነጥብ ጠቅሰው ይላኩ።