ባሌስትራ ስትቀይሩ የጫፉን ዳዶ ቶሎ አታጥብቁ

የፒካፓችሁን ስባሪ ባሌስትራ (ከኋላ መኪናውን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ዝርግ) ቀይራችሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ጎሚኒው (በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ተቀዶ መጮህ ከጀመረ፣ ጥፋቱ የዕቃው ላይሆን ይችላል። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ የሁለቱን ጫፍ ቦሎኖች አታጥብቁ። ዳዶውን በእጅ ብቻ አስገቡና መኪናውን አውርዱት። ጎማው መሬት ሲረግጥ ኋላውን ወዝወዝ አድርጉ፤ ያኔ እስከ መጨረሻው አጥብቁ። ጎሚኒው በጠበቀበት አቅጣጫ ነው የሚያዘው። በአየር ላይ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ይጠማዘዝና እንደተጠማዘዘ ይቀራል።

ባሌስትራውን ከአክሰሉ የሚያስረው የዩ ቅርጽ ቦሎን ግን መኪናው ሳይወርድ ይጥበቅ። እሱን አዲስ ግዙ፤ አሮጌው አንዴ ተስቧል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላም ደግማችሁ አጥብቁት።

በጎሚኒ ፈንታ ግሪስ የሚጠጣ የነሐስ ቡሽ ያለው መኪና ከሆነ ግን የጎሚኒው ጣጣ አይመለከታችሁም።