ድርጅታችሁ ሕፃናትን ከጉልበት ሥራ የሚያወጣ ማኅበር መደገፍ ሲፈልግ ከየት ይጀምር?

ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ወይም ፋብሪካ አላችሁ እንበል። ፍቅር ሐይቅ ዳር የሊስትሮ ሳጥን ይዘው የሚዞሩትን፣ መናኸሪያ ሻንጣ ለመሸከም የሚሻሙትን ልጆች በየቀኑ ታያላችሁ። መርዳትም ትፈልጋላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በመስከረም ቦርሳና ደብተር አድሎ፣ ባነር ዘርግቶ ፎቶ መነሳት ነው። ደብተሩ መልካም ነው። ልጁ ግን ቦርሳውን ቤት አስቀምጦ በማግስቱ ሥራው ላይ ይገኛል። ቤቱ የሚበላው እሱ ይዞ በሚገባው ገንዘብ ነዋ!

መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ እዩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። 15 ሞልቷቸው 18 ያልደረሱትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለባቸውም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓትና በሳምንት እረፍት ቀን ማሠራትም ክልክል ነው። የደመወዝ መዝገባችሁን ብቻ አትዩ። ኮንትራክተሩ ያመጣቸውን የቀን ሠራተኞች፣ ጫኝና አውራጆቹን፣ ከካፌው ጀርባ ሽንኩርት የሚልጡትን እዩ።

ልጅ ካገኛችሁ ወዲያው አታባርሩት። ከእናንተ የተባረረ ልጅ የባሰ ቦታ ይገባል እንጂ ትምህርት ቤት አይገባም። አደገኛውን ሥራ ያኔውኑ አስቁሙ። ከዚያ የክፍለ ከተማውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም የምትደግፉትን ማኅበር ጥሩ፤ ቤተሰቡም ይምጣ።

ቀጥሎ ማኅበሩን ምረጡ። የምዝገባ ምስክር ወረቀትና የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። ቅር የሚለው ማኅበር ካለ እለፉት። ከወረቀቱ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይበልጣል፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ያወጣችኋቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው?» ጥሩ ማኅበር እያንዳንዱን ልጅ ያውቀዋል። ማን ስድስተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ማን ወደ ሥራ እንደተመለሰና ለምን እንደተመለሰ ይነግራችኋል። «ይህን ያህል ልጆች ረድተናል» ብሎ የሚያበቃው ግን ያሳስበኛል።

አሁን ሂሳቡን ሥሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከማኅበሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ተቀምጣችሁ ልጁ ለቤቱ ስንት እንደሚያስገባ ጠይቁ። ጫማ ጠርጎ ከምሳው የተረፈውን፣ በቀን 80 ብር ለእናቱ ይሰጣል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 2,080 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ነው፣ ዘይት ነው፣ የታናሽ እህቱ ወተት ነው። ድጋፋችሁ ይህን ጉድለት ካልሞላ ዩኒፎርምም ምሳም ልጁን ክፍል ውስጥ አያቆየውም።

ጉድለቱን ለዘለቄታው የሚሞላው ደግሞ የእናት ወይም የአባት ገቢ ነው። ድርጅቶች ከማንም የተሻለ ማድረግ የሚችሉትም ይህንኑ ነው። ለሠራተኞቻችሁ ምግብ ቤት እንጀራ ከውጭ ትገዛላችሁ? ከእነዚህ እናቶች ግዙ፤ ሒሳባቸውንም በየሳምንቱ ክፈሉ፤ ሠላሳ ቀን ጠብቂ የተባለች እናት ጤፍ መግዣ አይኖራትም። የጽዳት ወይም የልብስ እጥበት ክፍት ቦታ ሲኖር ለማኅበሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። እናትየው ጉሊት ከሆነ የምትፈልገው፣ መነሻ ገንዘቡን በማኅበሩ በኩል ስጡ። ገቢዋ በእግሩ እስኪቆም ድረስ የወሩን አስቤዛ ሸፍኑ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀንሱ።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ቢያንስ የሦስት ዓመት ይሁን፣ ክፍያውም በየሩብ ዓመቱ። ለመስከረም የሚሆነው ገንዘብ በሐምሌ መድረስ አለበት፤ ምዝገባና የዩኒፎርም ስፌት አይጠብቅም። ከገንዘቡ ጥቂቱ ለማኅበሩ ሠራተኛ ደመወዝና ትራንስፖርት ይሁን። ብዙ ለጋሾች ይህን አይወዱም። ቤት ለቤት የምትዞር ሠራተኛ ከሌለች ግን ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ማንም አያውቅም።

ግብሩን በተመለከተ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይያዛል። ደረሰኝ ያዙ፤ ሕጉ ስለሚሻሻል የሒሳብ ሠራተኛችሁ የዘንድሮውን ያረጋግጥ።

ፎቶ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የልጁን ፊትና ስም በቴሌግራም ቻናላችሁ አትለጥፉ። ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል። ድርጅታችሁ መታወቅ ካለበት የእናቶቹን እንጀራ ወይም የጠገናችሁትን መማሪያ ክፍል አሳዩ።

በየመንፈቁ የክፍል መገኘት መዝገቡን ከማኅበሩ ጋር ተመልከቱ። የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ምን እንደደረሰ ጠይቁ። እናት ታማ ይሆናል፤ ኪራይ ጨምሮ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ከመጀመሪያው በጀት ላይ ለዩ፤ ማኅበሩም እናንተን ደብዳቤ ሳይጠይቅ በዚያው ሳምንት እንዲያወጣው ፍቀዱ።