ጥንታዊ የአውሮፓ ምንጣፍና ታፔስትሪ ሲገዙና ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊቱን ብቻ አይቶ መግዛት። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ታፔስትሪ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ የተጠለፈ ሳይሆን ራሱ በማጉ የተሸመነ የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ማንነቱ የሚታወቀውም ከጀርባው ነው። ገልብጠው ይዩት። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ያው ሥዕል ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ይታያል፤ ሸማኔው እያንዳንዱን ቀለም በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ስለሚያስገባ የክር ጫፎች እዚህም እዚያም ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ጃካርድ በተባለው የሽመና ማሽን የተሠራው ግን ክሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያልፍ ጀርባው በቀጥታ ባለቀለም መስመሮች የተሞላ ነው። የድሩንም አቅጣጫ ይመልከቱ፦ የአውሮፓ ሸማኔዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን በጎኑ አስተኝተው ይሸምኑ ስለነበር፣ ሲሰቀል ድሩ አግድም ይሆናል።

ሰማያዊ ቅጠል የሸማኔው ምርጫ ነው ብሎ ማመን። በፍላንደርስ (በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) የደን ታፔስትሪዎች ላይ ዛፉ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ሲሠራ እንዲያ ስለነበረ አይደለም። አረንጓዴ የሚገኘው ክሩን በሰማያዊና በቢጫ የተክል ቀለም በመንከር ነበር። ቢጫው ብርሃን ስለማይችል ቀድሞ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ጀርባውን ሲገልጡት ግን ብርሃን ያላገኘው አረንጓዴ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠብቅዎታል፤ ለእኔ ከዚህ ጥበብ ሁሉ ይህን የሚያህል ደስታ የሚሰጠኝ የለም። ጥቁር ቡናማው ክርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ማቅለሚያው ብረት ስላለበት ሱፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሥዕሉ ጥቁር መስመር ቀድሞ ቢበጣጠስ አይደናገጡ።

ለጥገና መቸኮል። ዛሬ ፓሪስ በክሉኒ ሙዚየም የሚገኙት ስድስቱ «እመቤቲቱና ዩኒኮርኑ» (ባለ አንድ ቀንዱ የተረት ፈረስ) ታፔስትሪዎች በ1841 ፈረንሳይ ባለው ቡሳክ ግንብ ውስጥ ሲታወቁ እርጥበት ጎድቷቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ ክር የተጠገነው የታችኛው ክፍል ዛሬ ደብዝዟል፤ 1500 ገደማ የተሸመነው ቀይ ግን አሁንም ደማቅ ነው።

በስሙ ብቻ ዋጋ መክፈል። ሻጭ «አክስሚንስተር ነው» ቢልዎት የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁ። ቶማስ ዊቲ በ1755 በዚያች የእንግሊዝ ከተማ የጀመረው ምንጣፍ በእጅ የሚቋጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙ የማሽን ምንጣፍ መጠሪያም ሆኗል። የፈረንሳዩ ሳቮነሪም በቋጠሮ የተሠራ ባለፀጉር ምንጣፍ ነው፤ ሌላው የፈረንሳይ ምንጣፍ ኦቡሶን ግን ይበልጥ የሚታወቀው በጠፍጣፋ ሽመናው ነው። ዋጋቸውም አንድ አይደለም።

ከሥዕል ያነሰ ጥበብ አድርጎ መቁጠር። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ ቫቲካን ላለው ሲስቲን ጸሎት ቤት ታፔስትሪ ሲያዝዙ ንድፉን የሠራው ሠዓሊው ራፋኤል ነበር፣ ሽመናው ደግሞ ብራስልስ ውስጥ በፒተር ቫን አልስት የሽመና ቤት ተከናወነ። ወጪው የበዛው ለንድፉ ሳይሆን ለሽመናው ነው። በ1797 የፈረንሳይ መንግሥት የወርቅ ክር ያለባቸውን የቤተ መንግሥት ታፔስትሪዎች አቃጥሎ ወርቁን መልቀሙ ዛሬም ያንገበግባል።

ቤት ውስጥ ሲይዙትስ? ማጠቢያ ማሽን ፈጽሞ አያስቡ፣ በዱላም አያራግፉት። በምስማር አይቸንክሩት፤ ክብደቱ በሙሉ ላይኛው ጠርዝ ላይ እኩል እንዲያርፍ ከጀርባው ሰፊ ጨርቅ ይሰፋለት። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ። ብል ደግሞ ጨለማና የማይነካ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ምንጣፉ ሶፋ ሥር የገባበትን ጫፍ በየጊዜው እያነሱ ይመርምሩ። ሲያስቀምጡትም አያጥፉት፣ ወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት።